በሰላጣ ቅጠል የሚጠቀለል የቻይና ምግብ ለጾም፦ ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ ሶያ ወይስ ምስር?

ዓርብ ማታ ነው። ረቡዕ ሽሮ በልተናል። ልጆቹ «ዛሬም ሽሮ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ከሥራ ገብቼ ቁሌት የማቁላላት አቅም የለኝም። በኛ ቤት እንዲህ ያለውን ምሽት የሚገላግለን አንድ ምግብ አለ። ደቃቅ ተደርጎ የተከተፈ የጾም ነገር በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሶይ ሶስ ይጠበሳል። ትኩሱን በቀዝቃዛ የሰላጣ ቅጠል ላይ ታደርጉታላችሁ፣ ጠቅለል፣ ከዚያ መጉረስ ነው። በእጅ መብላት ለለመደ ሰው የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ምግቡ የደቡብ ቻይና ነው። ካንቶኖች «ሳንግ ቾይ ባኦ» ይሉታል። «ሳንግ ቾይ» ሰላጣ ነው፣ «ባኦ» ደግሞ መጠቅለል። እነሱ ዘንድ የተለመደው በተፈጨ የአሳማ ሥጋ ወይም በእርግብ ሥጋ መሥራት ነው። የሰላጣው ስም በቋንቋቸው «ሀብት ማፍራት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል፣ በዘመን መለወጫቸው የአንበሳ ጭፈራ ላይ አንበሳው ሰላጣ «በልቶ» ለሕዝቡ ይበትናል። ለእነሱ እንግዲህ ሰላጣ የመልካም ምኞት ቅጠል ነው።

ሥጋው ሲወጣ በምን ይተካ? ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። አንዱ ቶፉ ይላችኋል፣ አንዱ እንጉዳይ፣ ሌላው የሶያ ሥጋ። ቅጠሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሱቅ ቆማችሁ አራት ዓይነት ሰላጣ ስታዩ ግራ ይገባችኋል። አራቱንም መሙያ ደጋግሜ ሠርቻቸዋለሁ። እዚህ የማወዳድረው ለጿሚም፣ ለቪጋንም (ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር ለማይበላ)፣ እንዲሁ ሥጋ ለቀነሰ ሰውም እንዲሆን አድርጌ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

የዚህ ምግብ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ወጥ ቢቀጥን በእንጀራ ይያዛል። እንጀራ ዓይን አለው፣ መረቁን ይመጥጣል። የሰላጣ ቅጠል ግን ምንም አይመጥጥም። መሙያው ውሃ ካዘለ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል፣ ሶሱ በክንድ ላይ ይወርዳል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። ስለዚህ ማንኛውንም መሙያ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሃው ይወጣል ወይ? በስንት ድካም?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ጥርስ የሚያርፍበት ነገር መኖሩ ነው። ቅጠሉ ቀጭ ይላል፣ መሙያው ግን ሁሉ ለስላሳ ከሆነ አፍ ይሰለቻል። ሦስተኛው ጥጋብ ነው። ቅጠል እንጀራ አይደለምና መሙያው ራሱ ማጥገብ አለበት። ጊዜና ዋጋ ከዚያ ይከተላሉ። የምትኖሩበት ቦታ እነዚህን ሁለቱን ይለዋውጣቸዋል።

ቶፉ

ቶፉ የሚሠራው ከአኩሪ አተር ወተት ነው። ወተቱ እንዲረጋ ይደረግና እንደ አይብ ተጠልሎ ይጨመቃል። ሱቅ ውስጥ ከስስ እስከ በጣም ጠንካራ ድረስ በየደረጃው አለ። ለዚህ ምግብ የምትፈልጉት «ኤክስትራ ፈርም» የሚለውን ነው። «ሲልከን» የሚለው ለሾርባና ለጣፋጭ ይሆናል እንጂ እዚህ አይሠራም፤ መጥበሻው ላይ ይፈርሳል።

ከፓኬቱ አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ከላዩ ሙቀጫ ወይም ከባድ ድስት ጫኑበትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ጨርቁን ስታነሡት ምን ያህል ውሃ እንደወጣ ራሳችሁ ታያላችሁ። ከዚያ በቢላ አትቁረጡት። በእጃችሁ ፈርፍሩት፣ ሽምብራ የሚያክል ይሁን። ሻካራው ገጽ ሶሱን የሚይዝ እሱ ነው። ዘይት ባለው ትኩስ መጥበሻ ላይ ዘርግታችሁ ቶሎ ቶሎ አታማስሉት። ታቹ ወርቃማ ሲሆን ገልብጡት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። ቶፉውን ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ሲቀልጥ ጨምቁት። በረዶው ውስጡን ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሚያደርገው እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ውሃው በቀላሉ ይወጣል፣ ሲታኘክም ጠንከር ይላል። ሥጋ ለምዶ ቶፉ አልወድም የሚል ሰው ካለ ይህን አቅምሱት።

ድክመቱ የራሱ ጣዕም የሌለው መሆኑ ነው። የሰጣችሁትን ነው የሚመልስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ አንድ 400 ግራም አካባቢ የሚሆን ፓኬት በብዙ ሱቅ ከ2 እስከ 4 ዶላር ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ ግን እንደልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፣ ትልልቅ ሱፐርማርኬት መፈለግ አለባችሁ።

እንጉዳይ

ጣዕም ብቻ ብናወዳድር እንጉዳይ አንደኛ ነው። ሥጋ ሥጋ የሚል ጥልቅ ጣዕም አለው፤ ሶይ ሶስ ሲነካው ደግሞ ይጎላል። ግን ከ100 ግራም ነጭ እንጉዳይ 92 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ፈተናው ያ ነው።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት እንግዳ ጠርቼ ነበር። አንድ ኪሎ ያህል እንጉዳይ ከትፌ አንዴ መጥበሻው ላይ ገለበጥኩት። ጨውም ወዲያው ጨመርኩ። አልተጠበሰም፣ በራሱ ውሃ ተቀቀለ። ማዕድ ላይ ሲቀርብ ቅጠሉ ሁሉ ታች ታቹ ረጥቦ ተቀደደ፣ እንግዶቼም በማንኪያ በሉት። አዘንኩ፣ ብዙ ለፍቼበት ነበርና። ከዚያ ወዲህ በሁለትና በሦስት ዙር ነው የምጠብሰው። መጥበሻው በደንብ ይግላል፣ እንጉዳዩ ሳይደራረብ ይዘረጋል፣ ጨው መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ሲንጫጫ ትሰሙታላችሁ፣ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ጠርዙም ቡናማ ይሆናል። ሶስ የሚጨመረው ያኔ ነው።

ሺታኬ የሚባለውን የእስያ እንጉዳይ ደረቁን ካገኛችሁ ግዙ። የቻይና ወጥ ቤቶች ያንን ሽታ የሚያመጡት በሱ ነው። በሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ጨምቁት፣ ግንዱ ስለማይታኘክ ቁረጡና ጣሉት። የተዘፈዘፈበትን ውሃ አትድፉ፣ ሁለት ማንኪያ ሶሱ ውስጥ ይግባ። ታች የቀረውን አሸዋ ብቻ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ላይ በአነስተኛ አምራቾች የሚለማው ሰፊ ቅጠል የሚመስለው እንጉዳይም ጥሩ ነው። እሱን በቢላ ሳይሆን በእጅ ሰንጥቁት።

እንጉዳይ ብቻውን ግን አያጠግብም። በ100 ግራም ፕሮቲኑ 3 ግራም ገደማ ነው። ሲጠበስም ይኮማተራል፣ ብዙ ገዝታችሁ ትንሽ ትበላላችሁ። ለብቻው የምመክረው ለመክሰስ ወይም ለመግቢያ ብቻ ነው።

ደረቅ የሶያ ሥጋ

ይህ ዘይቱ የወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት በሙቀትና በግፊት ተሠርቶ የሚደርቀው ነው። በትልልቅ ቁራጭም፣ በደቃቅ ፍርፋሪም ይሸጣል። ለዚህ ምግብ ደቃቁ ይሻላል። በደረቁ ከ100 ግራሙ 50 ግራም አካባቢው ፕሮቲን ነው፣ በዚህ የሚደርስበት የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ፍሪጅ አይፈልግም።

ቁልፉ መጭመቅ ነው። በፈላ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ጨምቁት፣ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ እንደገና ጨምቁት። ልብስ እንደምትጨምቁ፣ በሙሉ ጉልበት። የጥሬ አኩሪ አተር ሽታ የሚባለው የሚወጣው ያኔ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ነው «ሶያ ይሸተኛል» የሚለው።

ሲታኘክ ከተፈጨ ሥጋ ጋር በጣም ይቀራረባል። ለአንዳንዱ ይህ ጥቅም ነው። በጾም ሥጋ የሚመስል ነገር ማኘክ ደስ የማይለው ሰው ደግሞ አለ፤ ቤተሰባችሁን ጠይቁ። ተቀምሞ የተዘጋጀ የቀዘቀዘ «የአትክልት ሥጋ» የምትገዙ ከሆነ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። የእንቁላል ነጭ ወይም የወተት ተዋጽኦ ያለባቸው አሉ።

ድፍን ምስር

ለዚህ ምግብ ክክ አይሆንም። ክክ ወጥ መሆን ነው የሚያውቀው። የምትፈልጉት አዚፋ የምትሠሩበትን ድፍን ምስር ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀቅሉትና ሳይፈርስ አውጡት። በጣት ሲጫኑት የሚላላ፣ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ይሁን። አጠንፍፋችሁ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ እንፋሎቱ ይውጣለት። ከዚያ ነው የሚጠበሰው።

ከአራቱ ርካሹ ይህ ነው፣ የትም አገር ይገኛል። የተቀቀለው ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ያጠግባልም። ጉድለቱ ለስላሳነቱ ነው። ጥርስ የሚያርፍበት ነገር ካልጨመራችሁበት ቀዝቃዛ ቅጠል ውስጥ የገባ ወጥ ይመስላል። እንጉዳይ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀልበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ቀጭ የሚለው

የትኛውንም መሙያ ብትመርጡ ይህን አትዝለሉ። ቻይናዎች የሚጨምሩት ዋተር ቼስነት የሚባል፣ ረግረግ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ነጭ ሥር ነው። በስሎም ቀጭ ማለቱን አይተውም። በቆርቆሮ ታሽጎ በእስያ ሱቅ ይገኛል። ካጣችሁት የካሮት፣ የሴለሪ ግንድ ወይም የጥቅል ጎመን ነጩ እምብርት ደቀቅ ብሎ ተከትፎ በመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ይግባ። ከላይ ደግሞ የተቆላ ኦቾሎኒ ሰባብራችሁ ነስንሱበት።

የትኛው ቅጠል?

«በተር» የሚባለው ሰላጣ ለስላሳና ጎድጓዳ ነው። ሲታጠፍ አይሰበርም። ለጀማሪ የተመቸ እሱ ነው፣ ግን ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

አይስበርግ ርካሽና ቀጭ ባይ ነው፣ በካንቶን ምግብ ቤቶችም የተለመደው እሱ ነው። ችግሩ ቅጠሉን ሳይቀዱ መላጥ ነው። እንዲህ አድርጉ። እምብርቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። እምብርቱ ይላቀቃል፣ አዙራችሁ ንቀሉት። በተከፈተው ጉድጓድ የቧንቧ ውሃ ልቀቁበት። ውሃው በቅጠሎቹ መካከል እየገባ ራሱ ይለያያቸዋል። የተንዘላዘለውን ጠርዝ በመቀስ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ሮሜይን ረጅም ነው፣ አይጠቀለልም፣ እንደ ጀልባ ተሞልቶ ይበላል። በዓረብ አገር «ኸስ» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ይህ ነው፤ እስራኤል ደግሞ «ሐሳ» ይሉታል። አገር ቤት የምናውቀው ስስ ሰላጣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ሁለት ቅጠል ደርቡ። ጥቅል ጎመን ጥሬውን አልመክርም፤ የቻይና ጎመን ከሆነ ለ30 ሰከንድ የፈላ ውሃ አሳዩትና በቀዝቃዛ ውሃ አቁሙት።

እጥበቱ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ቅጠሉ ጥሬውን ነው የሚበላው። አዲስ አበባ ዙሪያ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካም ብትሆኑ ነገሩ አይቀርም፤ በ2018 ሮሜይን ሰላጣ ላይ በተገኘ ኢ ኮላይ በተባለ ጀርም ብዙ ሰው ታሟል። ቅጠል በቅጠል በሚወርድ ውሃ እጠቡ። አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል እንጂ ሁሉንም ጀርም አይገድልም። ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ ሰው ቤት ካለ ለሱ የተነፈረ የቻይና ጎመን ቅጠል አቅርቡ። ካጠባችሁ በኋላ ደግሞ በጨርቅ አድርቁት። ውሃ ጠላት ነው ብያችኋለሁ።

እማዬ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ቅጠሉን ሦስቴ አጠበችው። ከዚያ አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አገላብጣ አየችው። «ይሄ እንጀራው ነው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ ትንሽ አድርገሽ ጠቅልዪው።» የመጀመሪያውን አብዝታ ሞላችው፣ ተተረተረ። ሁለተኛውን አንድ ማንኪያ ብቻ አደረገችበት፣ ጎኖቹን አጠፈችና ለትንሿ ልጄ አጎረሰቻት። ልኩ ያ ነው፦ በአንድ ቅጠል አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ቢበዛ ሁለት።

ሶሱ

ለአራት ሰው 3 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 2 ሆይሲን (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ወፍራምና ጣፋጭ የቻይና ሶስ)፣ 1 የሩዝ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች። ስታርቹን ቀዝቃዛው ሶስ ውስጥ በጥብጡት፤ ሶሱን አወፍሮ መሙያው ላይ የሚያጣብቀው እሱ ነው። ጨው አትጨምሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ 900 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2000 በታች ነው የሚመክረው። ደም ግፊት ላለበት ጨው የተቀነሰበትን ግዙ። ስንዴ የማይስማማው ደግሞ ታማሪ ከሚባለው የሶይ ሶስ ዓይነት ግሉተን የሌለበት የሚለውን ይፈልግ፤ ተራው ሶይ ሶስ ስንዴ አለበት፣ ሆይሲኑም ሊኖርበት ይችላል።

ኦይስተር ሶስ ከባሕር እንስሳ የሚሠራ ነው። በእንጉዳይ የሚሠራ አቻው አለ፣ እሱን ያዙ። ማር ለጾማችን ችግር የለውም፣ ቪጋን እንግዳ ካለ ግን በስኳር ተኩት። የቡድሃ እምነት ተከታይ ከሆነ ቻይናዊ ጋር የምትበሉ ከሆነም ጠይቁ፤ በእነሱ የጾም ምግብ ብዙ ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት አይገቡም። ለኛ ግን ያለ ነጭ ሽንኩርት የጾም ምግብ አይታሰብም።

የሰሊጥ ዘይት መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጠብ ይደረጋል። ከሌላችሁ አትጨነቁ። ቻይና ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋና ገዢዎች አንዷ ናት፤ እናንተ ደግሞ የሁመራውን ሰሊጥ እቤታችሁ መቁላት ትችላላችሁ። ምጣድ ላይ መፈናጠር እስኪጀምር ቆልታችሁ በሙቀጫ ሸከፍ አድርጉት። ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ሚጥሚጣ ግን አልጨምርም፤ ኮረሪማው የዝንጅብሉን ሽታ ይውጠዋል። የሚያቃጥል የሚወድ ካለ ቃሪያ በጎን ይቅረብለት።

በአንድ ዓይን

| መሙያ | ውሃውን ማስወጣት | ሲታኘክ | ጥጋብ | ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቶፉ | ቀላል፣ ግን ይቆያል | መካከለኛ፣ ፍሪዘር ካደረ ጠንካራ | ጥሩ | 45 ደቂቃ | መካከለኛ |
| እንጉዳይ | ትዕግሥት ይፈልጋል | ጥሩ | ደካማ | 25 ደቂቃ | ከፍ ያለ |
| የሶያ ሥጋ | የእጅ ጉልበት | ጠንካራ፣ ሥጋ መሰል | በጣም ጥሩ | 30 ደቂቃ | ዝቅተኛ |
| ድፍን ምስር | ቀላል | ለስላሳ | በጣም ጥሩ | 40 ደቂቃ | ዝቅተኛው |

እንግዲህ የቱን ትያዙ?

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቶፉና እንጉዳይን እቀላቅላለሁ። 400 ግራም ቶፉ፣ 200 ግራም እንጉዳይ። ቶፉው ያጠግባል፣ እንጉዳዩ ጣዕም ይሰጣል፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ሁለቱን ለየብቻ ጠብሳችሁ ሶሱ ሲገባ አገናኙ። ይህ ለአራት ሰው መግቢያ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ራት ይሆናል።

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ወሩ ሳይገባደድ ገንዘቡ ካለቀ፣ ምስር በካሮትና በአይስበርግ። አዲስ አበባ ያላችሁ ቶፉ ፍለጋ ከምትንከራተቱ ድፍን ምስርና እንጉዳይ ግማሽ በግማሽ አድርጉ፣ ቅጠሉን ደርቡ። ስፖርት የሚሠራና ፕሮቲን የሚቆጥር ሰው የሶያ ሥጋ ይያዝ። እንግዳ ከመጣ፣ በተለይ ሽማግሌና ሕፃን ካለ፣ በተር ቅጠል ላይ ገንዘብ ብታወጡ አይቆጭም። አኩሪ አተር የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ ቶፉውና ሶያው ብቻ አይደሉም የሚቀሩት። ሶይ ሶሱም ሆይሲኑም ይቀራሉ። ለሱ ምስርና እንጉዳዩን በጨው፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ሥሩለት።

ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ መዘጋጀት ከፈለጋችሁ መሙያውን ሠርታችሁ አስቀምጡ፣ ቅጠሉን አጥባችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ክተቱ። ሞልታችሁ ግን አታስቀምጡ፤ ጠቅላዩ በላተኛው ይሁን። የተረፈ መሙያ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ይሞቅና በትናንቱ እንጀራ ይበላል።